ስልክ ውኃ ሲገባበትና ሲሰበር፦ ከመሣሪያው በፊት ቁጥሩንና ገንዘቡን ማዳን

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰርቦ፣ ስማርት ስልክ የመነጋገሪያ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የቡና ገበሬው የእሸት ቡና ዋጋ የሚጠይቅበትና ክፍያ የሚቀበልበት እርሱ ነው። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪው የመመረቂያ ሥራውንና የትምህርት ማስታወሻውን የሚያኖርበትም እርሱ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛው ደግሞ የማሳ መረጃ ይመዘግብበታል። በመሆኑም ስልኩ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ ወይም ከባጃጅ ላይ ተንሸራቶ ከአስፋልቱ ጋር ሲጋጭ፣ አደጋው መስታወት ከመሰንጠቅ አልፎ የቤተሰብን ገቢና የወራት ድካም ይነካል።

የመተኪያው ዋጋም ከፍ ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ደርሷል፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። ስልኩም ሆነ ስክሪኑና ባትሪው ከውጭ በሚገባበት ገበያ፣ አገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ስልኮች ጭምር ከዚህ ጫና አያመልጡም። ትናንት አዲስ ለመግዛት ይበቃ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ስክሪን ከማስቀየር ላያልፍ ይችላል።

ሆኖም አደጋ የደረሰበት ስልክ ሁሉ የጠፋ ስልክ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የሚያከፋው ከአደጋው በኋላ በድንጋጤ የሚደረገው ነገር ነው፦ እርጥቡን ስልክ ለመሞከር ማብራት፣ ቻርጀር ላይ መሰካት፣ እሳት ዳር ማስቀመጥ፣ ሲም ካርዱን ሳያወጡ ለማያውቁት ጠጋኝ ማስረከብ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ፣ ቀጥሎ ቁጥሩንና ገንዘቡን ማዳን፣ በመጨረሻም ስለ ጥገናው መወሰን።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ስልክን የሚገድለው ውኃው ብቻውን አይደለም፤ ውኃውና ኤሌክትሪኩ መገናኘታቸው ነው። ንጹሕ የሚመስለው የወንዝም ሆነ የቧንቧ ውኃ ማዕድናት አሉት። ኤሌክትሪክ በሚዘዋወርበት ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ መገናኘት የማይገባቸውን መስመሮች ያገናኛል፤ ይህ ሾርት ይባላል። ስልኩ ከዚያ ቢተርፍ እንኳ፣ ኃይል ባለበት ሰሌዳ ላይ የቀረ እርጥበት የብረቱን ነጥቦች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። ውኃ ገብቶበት ለጥቂት ቀናት በደኅና ሲሠራ የቆየ ስልክ በሳምንቱ በድንገት የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ከውኃ የወጣ ስልክ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። ስክሪኑ ካልታዘዘ የማብሪያ ቁልፉን ረዘም ላለ ጊዜ ተጭኖ መያዝ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ቻርጀር ላይ እያለ የረጠበ ከሆነ አስቀድሞ ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀላል፤ በእርጥብ እጅ ገመዱን መንካት ለሰውየው ራሱ አደገኛ ነው። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ይወጣል። ሲም ካርዱና ሚሞሪ ካርዱ ይወጣሉ፤ ሽፋኑ ይነሣል። ከዚያም የቻርጀሩ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲሆን ተይዞ በመዳፍ ላይ ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረጋል። አጥብቆ መነቅነቅ ግን ውኃውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል አይመከርም።

የገባው ፈሳሽ ዓይነትም ለውጥ አለው። ስኳር ያለበት ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ወተት ከደረቁ በኋላ ውስጥ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ዝቃጭ ይተዋሉ። ጭቃ የተቀላቀለበት የኩሬ ውኃም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ በማድረቅ ብቻ ማዳን ስለማይቻል፣ ሳይበራ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል። ባለሙያው ስልኩን ፈትቶ የባትሪውን መስመር ያላቅቃል፤ ሰሌዳውንም ለዚሁ በተዘጋጀ፣ ቶሎ በሚተን አልኮል ያጸዳል። ይህ ሥራ በሰዓታት ውስጥ ሲሠራና ከሳምንት በኋላ ሲሠራ ውጤቱ እኩል አይሆንም።

ሩዝ፣ ፀሐይና እሳት

በየመንደሩ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር እርጥቡን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር ነው። አፕል ኩባንያ ለአይፎን ተጠቃሚዎች ባወጣው መመሪያ ግን ይህን እንዳያደርጉ፣ የሩዙ ጥቃቅን ብናኝ ስልኩን ሊጎዳው እንደሚችል አስጠንቅቋል። በዚሁ መመሪያ መሠረት የሙቀት ምንጭ መጠቀም፣ በኃይል የሚነፋ አየር ማስገባት፣ ጥጥ ወይም ወረቀት ወደ ቻርጀሩ ቀዳዳ መክተትም አይገባም። የሚመከረው ደረቅና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቀዳዳው ብቻ ከረጠበም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ለቡና አምራቹ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ታጥቦ የወጣ ቡና በአልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ነፋስ ከሥርም ከላይም እያገኘው፣ እየተገላበጠ ይደርቃል። የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፤ ምክንያቱም በችኮላ የደረቀ ቡና ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ስልክም እንዲሁ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በፀሐይ ሲሰጣ ወይም ምድጃ ዳር ሲቀመጥ፣ ውስጡ ሳይደርቅ ባትሪው ይግላል፤ ስክሪኑን የያዘው ሙጫም ይለቃል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ከፀሐይና ከእሳት ይሻላል።

ውኃ አይገባባቸውም ተብለው በውድ የተገዙ ስልኮች ባለቤቶችም መዘናጋት የለባቸውም። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው «አይፒ67» የሚለው መለያ ስልኩ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መቆየቱ እንደተፈተነ ያመለክታል። «አይፒ68» ደግሞ ከዚያ በሚበልጥ፣ አምራቹ ራሱ በሚገልጸው ጥልቀትና ጊዜ የተፈተነ ማለት ነው። ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ስልክና በንጹሕ ውኃ ነው። ስልኩ ሲወድቅ፣ ሲያረጅና ለጥገና ሲከፈት ማሸጊያው ይዳከማል። አንድ ጊዜ ስክሪኑ የተቀየረ ስልክ እንደ ቀድሞው ውኃ ይችላል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ገንዘቡ ያለው ስልኩ ውስጥ አይደለም

ስልካቸው የተበላሸባቸው ሰዎች አስቀድሞ የሚያስጨንቃቸው በቴሌብር ወይም በባንክ ያለው ገንዘብ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የተመሠረተው በስልክ ቁጥሩ ላይ ስለሆነ፣ መሣሪያው ቢሰበርም ገንዘቡ አይጠፋም። ሲም ካርዱን አውጥቶ፣ በደንብ ጠርጎና አድርቆ፣ በማንኛውም ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ አስገብቶ *127# በመደወል ቀሪ ሒሳብን ማየትና መክፈል ይቻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ለሞባይል ባንክ የተመዘገበ ከሆነም በዚያው ቁጥር *889# ብሎ ሒሳቡን ያንቀሳቅሳል። ለሁለቱም ኢንተርኔት አያስፈልግም።

በቡና ለቀማ ወቅት ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት እሸት ቡና በየቀኑ ይሸጣል፤ የለቃሚ ደመወዝም ይከፈላል። በዚህ ጊዜ ስልኩ የተበላሸበት ገበሬ በርካሽ ባለቁልፍ ስልክ ሥራውን ሳያቋርጥ መቀጠል ይችላል። ስማርት ስልኩ እስኪጠገን በሌላ ሰው ስልክና በሌላ ሰው ቁጥር ክፍያ መቀበል ግን ለጠብ በር ይከፍታል።

ሲም ካርዱ ከስልኩ ጋር ከጠፋ ወይም ከተሰበረ፣ ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል በመሄድ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ካርድ ማውጣት ይችላል። ስልኩ በሰው እጅ ሊገባ ይችላል የሚል ሥጋት ካለ ደግሞ፣ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ማሳወቅ ይቀድማል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያንገላታ አንድ ነገር አለ፤ ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲሆን ነው። በወንድም፣ በዘመድ ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም የተመዘገበ ቁጥር ያለው ሰው በደኅናው ጊዜ ወደ ራሱ ስም ማዛወር አለበት። ኢሲም የሚጠቀም ስልክም የሚወጣ ካርድ ስለሌለው፣ ወደ ሌላ ስልክ ለመዛወር በአገልግሎት ሰጪው በኩል ማለፍ ይኖርበታል።

መስታወቱ ሲሰነጠቅ

የስማርት ስልክ የፊት ገጽ አንድ ቁራጭ ቢመስልም ሦስት ነገሮች ተደራርበው የሠሩት ነው። ከላይ የሚከላከለው መስታወት፣ ከሥሩ የጣትን ንክኪ የሚለየው ንጣፍ፣ ከዚያም ምስሉን የሚያሳየው ክፍል ይገኛል። መስታወቱ ብቻ ተሰንጥቆ ንክኪውና ምስሉ ከሠሩ፣ ስልኩ በችኮላ ጥገና አይጠይቅም። ስንጥቁን በግልጽ ፕላስተር መሸፈን ጣትን ከስብርባሪ፣ ውስጡን ደግሞ ከእርጥበት ለጊዜው ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቀለም ያለው መስመር ወይም በራሱ የሚጫን ንክኪ ከታየ ግን ጉዳቱ ከመስታወቱ አልፏል፤ እየሰፋም ሊሄድ ይችላል። በራሱ የሚጫን ስክሪን ሳይታሰብ ሊደውል ወይም የይለፍ ቃል ደጋግሞ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ስልኩን አጥፍቶ ማቆየት ይሻላል።

ምስሉ እየታየ ንክኪው ብቻ ከጠፋ፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ መላ አለ። ኦቲጂ በሚባለው አጭር ማገናኛ ተራ የኮምፒውተር ማውስ ከስልኩ ጋር ሲያያዝ ቀስት ይታያል። በዚያ ስልኩን ከፍቶ ፎቶግራፎችንና ፋይሎችን መገልበጥ ይቻላል። የመመረቂያ ሥራው በስልኩ ላይ ብቻ ለቀረበት ተማሪ ይህ ከጠጋኙ በፊት የሚሞከር መንገድ ነው። ስልኩ ውኃ የነካው ከሆነ ግን ደርቆና ተመርምሮ ሳያበቃ ምንም ነገር ሊሰካበት አይገባም።

ስክሪን ሲቀየር የመጀመሪያው አምራች የሠራው ዕቃና ተመሳሳዩ በዋጋም በጥራትም ይለያያሉ። ተመሳሳዩ ስክሪን ብርሃኑ ደብዛዛ ሊሆን፣ ባትሪ ሊበላ ወይም በስክሪኑ ሥር ያለውን የጣት አሻራ መለያ ላይቀበል ይችላል። ከአይፎን 11 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ደግሞ ኦሪጅናል ያልሆነ ስክሪን ሲገጠም ስልኩ ራሱ መልእክት ያሳያል። ርካሹን መምረጥ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ርካሹን በውዱ ዋጋ መግዛት ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሚገጠም ሥራው ሳይጀመር ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ማጻፍ ተገቢ ነው።

ባትሪው ሲያብጥ

ከወደቀ ወይም ውኃ ከገባበት በኋላ ጀርባው የተነፋ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሣ ወይም ሳይነኩት የሚግል ስልክ የገንዘብ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ሆኗል። ዛሬ በስልኮች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲቀጠቀጥ፣ ሲበሳ ወይም ውስጣዊ መስመሮቹ ሲገናኙ ሊቃጠል ይችላል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበውን ጋላክሲ ኖት 7 በወራት ውስጥ ሰብስቦ ምርቱን ያቋረጠው ባትሪው እሳት በማስነሣቱ ነበር።

ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ቻርጅ አያደርጉትም። ትራስ ሥር፣ ሳር ክምር ላይ ወይም የደረቀ ጀንፈል በተከማቸበት መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ለቤትም ለምርትም አደጋ ነው። ስልኩ ጠፍቶ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆና ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ፣ ባትሪው በባለሙያ ይወጣል። የወጣውን ባትሪ እሳት ውስጥ መጣል ወይም ጓሮ መቅበር አይገባም፤ ለጠጋኙ መተው ይሻላል።

ወደ ጠጋኝ ከመሄድ በፊት

ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ውስጡ ያለው ሕይወት አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ማውጣት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ስልኩ የሚበራ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚታየውን፣ አይኤምኢአይ የሚባለውን 15 አኃዝ መለያ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ በካርቶኑም ላይ ይገኛል። ስልኩ ቢለወጥ ወይም ቢጠፋ የባለቤትነት ማስረጃ የሚሆነው እርሱ ነው። የቴሌብርና የባንክ የይለፍ ቁጥር ግን ለማንኛውም ጠጋኝ፣ በምንም ምክንያት አይነገርም። ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር ይህ ቁጥር አያስፈልግም።

ሌላው የብዙዎች ወጥመድ የጉግል አካውንት ነው። ስልኩን ሲገዙ አካውንቱን ሻጩ የከፈተላቸው ሰዎች የኢሜይል አድራሻውንም ሆነ የይለፍ ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ። አንድሮይድ ስልክ መክፈቻው ተረስቶ በግድ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ፣ ቀድሞ የነበረውን አካውንት ይጠይቃል። ይህ ለሌባ የተበጀ መከላከያ ነው፤ የራሱን አካውንት የማያውቀውን ባለቤትም ግን ከደጅ ያስቀራል። የስም ዝርዝሩና ፎቶግራፉ የሚመለሰውም በዚያው አካውንት ነው። የቴሌግራም መልእክቶች በአብዛኛው በኩባንያው ማዕከል ስለሚቀመጡ በቁጥሩ ሲገቡ ይገኛሉ፤ የዋትስአፕ መልእክቶች ግን ባክአፕ ካልተደረገላቸው ከስልኩ ጋር ይጠፋሉ።

ከጠጋኙ ጋር ያለው ስምምነት በቃል ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚቀየር፣ ዋጋው፣ የሚመለስበት ቀንና ጥገናው ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንዳለው በደረሰኝ ላይ ቢሰፍር ለሁለቱም ወገን መከላከያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

መጠገን ወይስ መተካት ለሚለው ጥያቄ ሦስት ነገሮችን ማነጻጸር ይረዳል፦ የጥገናው ዋጋ፣ ተመሳሳይ ስልክ ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋ፣ ስልኩ ከተጠገነ በኋላ የሚያገለግልበት ዘመን። ስክሪን፣ ባትሪና የቻርጀር ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ተቀይረው ስልኩ በደኅና ይቀጥላል። ሰሌዳው በውኃ የተበላ ስልክ ግን ዛሬ ቢነሣ ነገ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በእርሱ ላይ ትልቅ ወጪ ከማውጣት በፊት ሁለተኛ ባለሙያ ማማከር ብልኅነት ነው።

ዋስትናና ካሣ

የአምራች ዋስትና በአብዛኛው የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው። መውደቅንና ውኃ መግባትን አይሸፍንም። ብዙ ስልኮች በውስጣቸው ፈሳሽ ሲነካው ወደ ቀይ የሚለወጥ ትንሽ ምልክት ስላላቸው፣ ውኃ መግባቱን መሸሸግ አይቻልም። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከው ስልክ ከሆነ፣ ሲገዛ የአደጋ ሽፋን ተጨምሮበት እንደሆነና ሽፋኑ በየት አገር እንደሚያገለግል ላኪውን መጠየቅ ይገባል።

ስልኩን የሰበረው ሌላ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ወደ ሕግ ይደርሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያስገድዳል። በተግባር አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ በጎረቤትና በአገር ሽማግሌ ፊት ያልቃል። እዚያም ቢሆን የግዢ ደረሰኝ፣ የተሰበረው ስልክ ፎቶግራፍና የጠጋኙ የዋጋ ግምት በእጁ ያለው ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስረዳል።

ከአደጋ በፊት

በጅማ ዙሪያ ዝናቡ ረጅም ወራት ይዘንባል፤ ጭቃውም ስልክ ያንሸራትታል። ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ያለ ሽፋንና የመስታወት መከላከያ ከስክሪን ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ወጪ ናቸው። በዝናብ መንገድ አፉ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ቡና ሲለቀምና አልጋ ላይ ሲገላበጥ ደግሞ የሚዘጋ ኪስ ወይም በአንገት የሚንጠለጠል ገመድ ያስፈልጋል። በደረት ኪስ የተቀመጠ ስልክ ሰው ሲያጎነብስ ወደ ገንዳው ወይም ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ይወድቃል።

የመረጃው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ሕግ፣ ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እስከ 4 ሔክታር የሆነ ማሳ በአንድ ነጥብ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በወሰኑ ዙሪያ መለካት አለበት። ይህን በስልኩ መዝግቦ ወደ ማዕከል ያልላከ ሠራተኛ ስልኩ ሲጠፋበት ኮረብታውን ዳግም መውጣት ይኖርበታል፤ ገበሬውም የምዝገባ ተራውን ዳግም ይጠብቃል። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር መላክ፣ በሌለበት ደግሞ ቢያንስ በሚሞሪ ካርድ መገልበጥ ይህን ድካም ያስቀራል።

ከሁሉ የሚቀለው ጥንቃቄ ግን ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ ይፈልጋል። የአይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ የጉግል አካውንቱ አድራሻ፣ የቅርብ ቤተሰብ፣ የቡና ገዢውና የባንኩ ስልክ ቁጥሮች በአንድ ደብተር ተጽፈው ከስልኩ ደረሰኝ ጋር በቤት ሲቀመጡ፣ የይለፍ ቁጥሮቹ ደግሞ በዚያ ሳይጻፉ በባለቤቱ ልብ ሲያዙ፣ የስልክ መሰበር የቤተሰቡን ሥራ አያቋርጥም።